«ደህና ነኝ» ሲሉ አትመኑ፦ ያረጁ ወላጆችን መረዳትና በጊዜ መሰናበት

አባዬ በ2011 ዓ.ም. ሲሞት ወንድሜ ሜሪላንድ ነበር። መታመሙን አያውቅም። የደበቅነው እኛ ነን። እኔ፣ እህቴና ሁለት አክስቶቼ ቁጭ ብለን ተመካክረን «ባዕድ አገር ብቻውን ይብሰለሰላል፣ ወረቀቱ ገና አላለቀ፣ መምጣት አይችል፣ ምን ያደርግለታል?» አልንና ዘጋነው። በየሳምንቱ ሲደውል «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው፣ አሁን ተኝቷል» እንለዋለን። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ዋሸነው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ያገር ልጆች ተሰብስበው በሩን አንኳኩ። ከፍቶ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ሲያይ እኔ የሞትኩ ነው የመሰለው።

ዛሬም በስልክ እናወራለን፣ እንሳሳቃለን። ግን አንድ ነገር በመሃላችን ቆሟል። እኔ አባዬን አጥቤዋለሁ፣ ጸጉሩን አበጥሬለታለሁ፣ መርቆኛል። ወንድሜ ግን ከአባቱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያወራው ስለ ዝናብ ነው።

ይህን የምጽፈው ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። በአባቴ ላይ ያበላሸሁትን በ79 ዓመቷ እናቴ ላይ ላለመድገም እየሞከርኩ ስለሆነ ነው። ኦርቶዶክስ ነኝና ምሳሌዬ ወደዚያ ያዘነብላል። ነገሩ ግን የሁላችንም ነው።

1. «ደህና ነኝ» የሚለውን መተርጎም ተማሩ

እኛ ያደግነው «እንዴት አደርሽ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚባልበት ቤት ነው። ጉልበቷ ያበጠውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ያልከደነችውም መልሷ ያው ነው። ስለዚህ ጤናዋን በቀጥታ አትጠይቁ። ዙሪያውን ጠይቁ። «ምሳ ምን በላሽ?» «ቡና ማን መጣ?» «እሁድ ቅዳሴ ከማን ጋር ሄድሽ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። ዕድሜ ልኳን ቅዳሴ ያላስታጎለች ሴት «ኧረ እቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን እከታተላለሁ» ካለች አንድ ነገር አለ። ጉልበት ሊሆን ይችላል። ዓይን ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ሽንቷ እንዳያመልጣት ፈርታም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ በተለይ ለወንድ ልጇ ብትሞት አትናገርም።

ቤቷ ስትሄዱ ዓይናችሁ ይሥራ። ቂጡ ያረረ ድስት፣ ሳይነካ የተቀመጠ መድኃኒት፣ የሻገተ እንጀራ፣ ያልተከፈለ መብራት። የእማዬ ምልክት ሲኒ ነበር። ቡና ስትቀዳ ረከቦቱ ላይ ይፈስ ጀመር። «ጀበናው ነው፣ አፉ ተሸርፏል» አለችኝ። አዲስ ጀበና ገዛሁላት። አሁንም ፈሰሰ። እጇ ነበር።

ጆሮን ከአእምሮ ለዩ። አባዬ የጠየቅነውን ትቶ ሌላ ሲመልስልን «መርሳት ጀምሯል» ብለን ከንፈር መጠጥን። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ግማሹ ችግር ጆሮው ውስጥ የደረቀ ኩክ ነበር፤ ታጠበና ሬዲዮውን ቀንሶ መስማት ጀመረ። መርሳትም ደግሞ መርሳት ነው ተብሎ አይታለፍም። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት አለ፣ ሠላሳ ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ መጥፋት አለ። ሁለተኛው ሐኪም ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አስምሩልኝ። ትናንት ደህና የነበረ ሽማግሌ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተቀላቀለበት፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ውሰዱት። አባዬ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ከሞተ ወንድሙ ጋር ሲያወራ ሰነበተ። «ሊወስዱት መጥተው ነው» ተባለ፣ አክስቴ ማልቀስ ጀመረች፣ ካህን ተጠራ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒቱን ጀምሮ በሳምንቱ ጋዜጣ ሲያነብ አገኘሁት። (አክስቴ እስካሁን ጸሎቱ ነው ያዳነው ትላለች። አልከራከራትም።)

2. ከእልኩ ሥር ያለውን ፍርሃት ፈልጉ

አባዬ መምህር ነበር። ከዘራ አይጠላም፤ ከዘራ ያባወራ ነው። ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያ ሲያይ ግን «ይኼ የበሽተኛ ነው፣ ውሰዱልኝ» አለ። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን። አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልተነሳም። አሁን ሳስበው የፈራው ብረቱን አይደለም። የሰፈር ሰው «መምህርም ደከሙ» እንዳይል ነው። ቤት ውስጥ ብቻ፣ ለሌሊት ብቻ ብንለው ኖሮ እሺ ይል ነበር መሰለኝ።

ስለዚህ ከመከራከር በፊት ምን እንደፈሩ አጣሩ። ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ሸክም መሆን ወይም በገዛ ቤታቸው ቃላቸው አለመሰማቱ። እናንተ በጎን ሥራችሁን ሥሩ። የሚያንሸራትተውን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ በሚይዝ ቀይሩ፣ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ አንሱ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊት የሚበራ ትንሽ መብራት አድርጉ፣ ሻወር ሥር የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጡ። ሁሉም ተደምሮ ከሆስፒታል ወጪ ያንሳል።

ወደ ቤታችሁ ከመውሰዳችሁ በፊትም ሁለቴ አስቡ። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ፣ በፍቅርም ቢሆን፣ እስር ነው። ጎረቤቷ፣ እድሯ፣ ማኅበሯ፣ አትክልት የምትሸጥላት ሴትዮ፣ እነዚህ ሁሉ የጤናዋ አካል ናቸው።

ጾምና መድኃኒት ከተጋጩ እናንተ አትሟገቱ፣ ትሸነፋላችሁ። እማዬ በፍልሰታ የደም ግፊት ኪኒኗን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልውጥም ብላ አስቸገረችኝ። የንስሐ አባቷን ለመንኳቸው። መጥተው «ልጄ፣ ለታመመ ጾሙ ሌላ ነው፣ በጠዋት ውጪው» አሏት። አለቀ። እኔ ስንት ቀን የለፈለፍኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈታ። ለሙስሊም ቤተሰብም ረመዳን ላይ ኢማሙ ይህን ያደርጋሉ። ጸበልም እንዲሁ ነው። «ጸበል ወይስ ሆስፒታል» ብላችሁ አታስመርጧት፤ ጸበሉም ይሁን፣ ኪኒኑም አይቋረጥ።

3. እውነት የሚናገር አንድ ሰው ምረጡ

ይህችን ደረጃ አባዬ ሳይታመም ብናደርጋት ኖሮ ወንድሜ ዛሬ በልቡ አይታዘበኝም ነበር።

ወላጆቻችሁ ገና ደህና እያሉ፣ ውጭ ያላችሁም እዚህ ያላችሁም በአንድ የስልክ ንግግር ተስማሙ። ማን ነው የሐኪሙን ቃል ሳይቀንስ ሳይጨምር ለሁሉም የሚያስተላልፈው? አንድ ሰው ይሁን። ውጭ ያለው ደግሞ በራሱ አፍ ይበል፦ «ምንም ቢመጣ አትደብቁኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። ባዝንም ድንገት መርዶ ከምታረዱኝ ይሻለኛል።» ይህ ቃል በግልጽ ካልተባለ፣ እመኑኝ፣ ቤተሰብ ይደብቃል። የሚደብቀው ከክፋት አይደለም፣ አዝኖላችሁ ነው። ያ ነው አስቸጋሪ የሚያደርገው።

የቤቱ ሰው «ትንሽ አሟታል» ሲላችሁ እዚያ ላይ አትቁሙ። የምርመራ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በኢሞ በቪዲዮ አሳዩኝ በሉ፤ «ተኝታለች» ካሉም የተኛችውን አሳዩኝ በሉ። አባዬን አንድ ጊዜ ቢያየው ወንድሜ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነው «ኔትወርክ የለም» ስንለው የከረምነው።

ሁለተኛው ድበቃ ከታማሚው ነው። ካንሰር ሲሆን ለልጆቹ ይነገራል፣ ለሰውየው «ቁስለት ነው» ይባላል። ሰውየው ግን ያውቃል። አባዬ አንድ ቀን «እናንተ ስትዋሹ እኔ አፈርኩ» አለኝ። አሁን እማዬን አስቀድሜ ጠይቄያታለሁ፦ «ሐኪሙ የሚለውን ራስሽ ትሰሚ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» ትንሽ አሰበችና «ለሁለታችንም ይንገረን፤ ዓመት ወር እያለ ግን አይቁጠርልኝ» አለች። በቃ፣ መንገዱን ራሷ አሳየችኝ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መልስ አለው፣ ካልተጠየቀ አይናገርም።

የአውሮፕላን ትኬት የምትችሉት አንዴ ብቻ ከሆነ ደግሞ በሕይወት እያሉ ኑ። ለቀብር አትጠብቁ። በሙስሊሞች ዘንድ ቀብሩ አይዘገይም፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ነው። በክርስቲያኑም ቢሆን ከማግስቱ እምብዛም አያልፍም። አስከሬን ፍሪጅ አስገብቶ ሦስት ቀን ልጅ መጠበቅ ይቻላል፣ አይቻለሁ፤ እናቲቱ ግን ልጇን አላየችውም። ወረቀት ይዟችሁ መንቀሳቀስ የማትችሉ ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በቪዲዮ ማድረግ ትችላላችሁ። ያንሳል። ግን ከምንም ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብር የሚልከው ልጅ በስልክ አዛዥ አይሁን፤ ዳይፐር የሚቀይረው እሱ አይደለም። እዚህ ያለነውም በተጣላን ቁጥር «እኔ ነኝ ያጠብኩት» እያልን አናስቆጥር። (ብያለሁ። አልኮራበትም።)

4. ወረቀቱን በእድር በኩል ጀምሩት

«ስትሞቺ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ልጅ «ሟርተኛ!» ተብሎ ይባረራል። እኔ የጀመርኩት በእድር ደብተር ነው። «እማዬ፣ መዋጮሽ አልተዛነፈም? እኛ ልጆችሽ ሁላችንም ተመዝግበናል?» ከዚያ ወሬው ራሱ ሄደ። ለካስ ከእኔ ቀድማ ተዘጋጅታለች። ሳጥኗ ውስጥ ከፈኗ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ከሥሩ የተቋጠረ ብር አለ፣ የት እንደምትቀበርም ወስናለች። እኔ ስፈራ የኖርኩትን ነገር እሷ ብርድ ልብስ እንደምታሳይ ሰው አውጥታ አሳየችኝ።

ኑዛዜ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፣ ይህም መደረጉ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ወዲያውኑም ሁሉም ይፈርማሉ። ውልና ማስረጃ ሄዶ በባለሥልጣኑ ፊት ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በራስ ጽሑፍ የሚደረገው ደግሞ ከላይ እስከ ታች በራሱ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ መሆን አለበት። ልጅ ጽፎ አባት ቢፈርምበት አይሆንም። ምስክር ስትመርጡ ወራሽ ያልሆነ ሰው ፈልጉ። ስንት ወንድማማች በአንድ ፊርማ ጉድለት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይኖራል።

ውክልና ደግሞ ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል። «ውክልና አለኝ፣ በኋላ ከባንክ አወጣዋለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሞት በኋላ ባንኩ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል። ጡረታ ካለ፣ የሟች ሚስት የባሏን አበል ግማሽ ታገኛለች፣ ግን ሚስትነቷን ማስረዳት አለባት። በድሮ ጊዜ በሽማግሌ የተጋባ ስንቱ ነው የጋብቻ ወረቀት ያለው? እኛ የእማዬን ያወጣነው አባዬ አልጋ ላይ ሆኖ እየተሳሳቀብን ነው፤ «በስንት ዘመናችን ሙሽራ አደረጋችሁን» እያለ። ሞቱም በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት፤ በሐዘን መሃል ይረሳል፣ ከአጎት ልጆች አንዱን ተከታተል በሉት።

5. ድምፃቸውን አስቀሩ

ካሜራ ደቅናችሁ «ታሪክሽን ንገሪኝ» ካላችሁ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ሁለት ደቂቃ ታወራና ዝም ትላለች። ስልካችሁን ቡናው አጠገብ አስቀምጡት፣ እየቀዳችሁ መሆኑን ንገሯትና እርሱት። የድሮ ፎቶ ስጧት። «ይቺ ማን ናት?» በቃ፣ ሰዓቱን አታውቁትም።

ጥያቄያችሁ ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። መጀመሪያ የተከራያችሁት ቤት ስንት ነበር? አባዬ ሽማግሌ ሲልክ ማን ማን መጣ? በደርግ ጊዜ እኔን ወልደሽ ዳቦ እንዴት ታገኚ ነበር? ዘር ቆጠራውን ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ስም በስም አስቆጥሩ፤ አባት ሲሞት መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ ስሙን በእርሳስ ጻፉ። ወጥ አሠራሯንም አትናቁ። የእማዬን ዶሮ ስትሠራ የቀዳሁት አርባ ደቂቃ አለ፣ ግማሹ ስድብ ነው፤ ሽንኩርቱን ወፍራም አድርጌ ስለከተፍኩ።

6. ይቅርታና ምርቃት

እዚህ ላይ እኛ የታደልን ነን ብዬ አስባለሁ፤ ሥርዓቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ጉልበት መሳም አለ፣ «ይቅር በሉኝ» ማለት አለ፣ መመረቅ አለ። ብዙዎቻችን «እወድሃለሁ» ተባብለን ያላደግን ነን፣ አባዬን እንዲህ ብለው ኖሮ «ምን ሆንሽ? ገንዘብ ቸገረሽ?» ይለኝ ነበር። «መርቀኝ» ስለው ግን ገባው።

ለይቅርታውም የሞት አልጋ አትጠብቁ። ዓመት በዓል ይበቃል። ለምን እንደምትጠይቁ ግን ስሙን ጥሩ። «በድዬህ እንደሆነ» ማለት ቀላል ነው። እኔ ያልኩት «ያኔ ሳላማክርህ ማግባቴ እንዳሳዘነህ አውቃለሁ» ነው። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ሠርጉ ላይ ፊቴን ማጥቆሬ ልክ አልነበረም» አለ። አሥራ አራት ዓመት ያልተነካ ነገር ነበር።

ይቅር የማይባል የሚመስል በደል ያደረሰ አባት ወይም እናት ያላችሁም አላችሁ። የደበደበ፣ ጥሎ የሄደ። «ወላጅ ነውና» የሚላችሁ ዘመድ ሁሉ ስለጎተጎተ ብቻ ጉልበት ሳሙ አልልም። አንዲት ጓደኛዬ አባቷን ሄዳ አየችው፣ ውሃ አጠጣችው፣ ምንም ሳትል ተመለሰች። የእሷ ስንብት ያ ነበር፣ በቂዋም ነበር።

7. የመጨረሻዎቹ ቀናት

መብላት ሲቀንሱ አታስገድዱ። ይህ ለእኛ ከባዱ ነው፣ ፍቅራችን ጉርሻ ነውና። ሰውነት ሊያርፍ ሲል ምግብ መፈለግ ያቆማል፤ መዋጥ ለተሳነው ሰው አጥሚት በማንኪያ መጨመር ትን ያስብለዋል። ከንፈርና አፉን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አርጥቡለት። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት፣ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው በአንድ ጎን ብቻ ሲተኛ ነው። የሚያጥበውን ሰው እሱ ይምረጥ። አባዬ እኔ ሳጥበው መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ ታችኛውን የአጎቴ ልጅ እንዲያጥበው ሳደርግ ቀለለው።

ሕመም ካለ ዝም አትበሉ። ሐኪሙን «ማስታገሻው አልበቃም» በሉ፣ ሞርፊን ሲጠራ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ቤት ድረስ መጥተው የሚያስታምሙ አሉ፤ ጠይቁ።

ብዙ መተኛት፣ የእግርና የእጅ መቀዝቀዝ፣ ትንፋሽ ቆም እያለ መመለስ፣ ጉሮሮ ላይ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ፣ እነዚህ መቃረቡን ያሳያሉ። ድምፁ ከታማሚው ይልቅ የሚሰማውን ያስጨንቃል። ንስሐ አባቱን አስቀድማችሁ ጥሩ፤ ቁርባን የሚቀበለው መዋጥ ሲችል ነው። ሙስሊሙ ቤት ሸሃዳውን ቀስ ብሎ የሚያስታውሰው ሰው አጠገቡ ይሁን። ጴንጤዎቹ ጓደኞቼ አባታቸውን እየዘመሩ ነው የሸኙት።

መስማት ይቆያል ይላሉ ሐኪሞች። ስለዚህ በራሱ ላይ ስለ ድንኳንና ስለ በርበሬ አታውሩ። ውጭ ያለውን ልጅ ደውሉለትና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጉለት። አምስት ደቂቃ። እኔ ይህን አላደረግኩም፣ ስልኩ እጄ ላይ ነበር።

ቡና ልትጠጡ ወጣ ስትሉ ትንፋሹ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ራሳችሁን አትቅጡ።

8. አሁን

ባለፈው እሁድ የእማዬ እግር አብጦ አየሁት። ልብ ሊሆን ይችላል ተብሎ ምርመራ ታዘዘ። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ በጥር ልመጣ ነው እያለ ነው፣ እንዳይጨነቅ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማታ ደወልኩና የወረቀቱን ፎቶ ላክሁለት። ትኬቱን ወደ ኅዳር አዛወረው። እማዬ ሰምታ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ ቡና እንኳ ስታፈላ አልጠራችኝም። በአራተኛው ቀን ደውላ «ለመሆኑ ምን ይበላል አሁን እሱ? አሁንም ቅቅል ይወዳል?» አለችኝ።